ደጃዝማች ውቤ እና የተሰበሰበ ዕቃ ዕጣ

አሮጌ ሰንጢ የሚሰበስቡ ሰዎች አንድ ሰንጢ እጃቸው ሲገባ መጀመሪያ የሚያዩት የስለቱን ሥር ነው። ሰንጢው ሲዘረጋ ከማጠፊያው አጠገብ ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሠሪው ማህተም ይገኛል። ኮከብና መስቀል ከታተመበት የእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ የጆሴፍ ሮጀርስ ቤት ሥራ ነው። ዘውድ የደፋ እጅ ከታየበት የፈረንሳዩ ኦፒኔል ነው፤ ይህ ምልክት ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1909 ስለሆነ ሰንጢው ከዚያ ዓመት ቀድሞ ተሠርቷል ማለት አይቻልም። የተሠራበት አገር ስም መኖሩም ፍንጭ ይሰጣል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የመጣበት አገር እንዲጻፍበት አስገድዳለች። ስለዚህ ለአሜሪካ ገበያ የተላከ ሰንጢ የአገር ስም ከሌለበት ከዚያ ሕግ በፊት የተሠራ ሊሆን እንደሚችል ይገመታል። አንድ የቀረጥ ሕግ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የኪስ ዕቃ ዕድሜ መለያ ሆነ ማለት ነው።

በእኛም አገር ሰንጢ እንግዳ ዕቃ አይደለም። እረኛው ዱላውን ይልግበታል፤ የቆሎ ተማሪው የመቃ ብዕሩን ይቀርጽበታል፤ ገበሬው ጠፍሩን ይቆርጥበታል። ይሁን እንጂ ማን ሠራው፣ በየት በኩል መጣ፣ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ አለፈ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዕቃ መሰብሰብና የዕቃውን ታሪክ መሰብሰብ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ባለ ገንዘብ ሁሉ ይችለዋል፤ ሁለተኛው ትዕግሥትና ብዕር ይፈልጋል።

ይህን ልዩነት ለማስረዳት ከደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሕይወት የተሻለ ምሳሌ የሚገኝ አይመስለኝም። ውቤ የሰበሰቡት ሰንጢ ሳይሆን ነፍጥ፣ ጠገራ ብርና የፈረንጅ ባለሙያ ነበር። ነገር ግን ነፍጡም ስለቱም በአንድ መንገድ፣ ከምፅዋ ወደብ በነጋዴ ጭነት ተራራውን እየወጣ የሚመጣ የባዕድ ብረት ነበርና የሁለቱ ታሪክ አይለያይም።

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው በአምባ ጊዮርጊስ አድርጎ ዳባትን ያልፍና ደባርቅ ይገባል። ዛሬ ደባርቅ የሚታወቀው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር በመሆኑ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ነው። ቱሪስቱ ዋልያና ጭላዳ አይቶ ይመለሳል። ከዚያው ተራራ ማዶ በጃናሞራ ምድር ደረስጌ የምትባል ቦታ መኖሯን፣ የኢትዮጵያ ታሪክ አቅጣጫም በአንድ ሳምንት ውስጥ እዚያ መለወጡን የሚያውቅ ጎብኚ ግን ብዙ አይደለም። ደረስጌ የውቤ ናት።

ውቤ የተወለዱት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መባቻ ግድም ሲሆን አባታቸው የሰሜን ገዢ ራስ ኃይለ ማርያም ገብሬ ናቸው። ቤተሰቡ በታሪካችን ብዙ ስም ያፈራ ነው። የውቤ ወንድም ብጡል ኃይለ ማርያም የእቴጌ ጣይቱ አባት ናቸው፤ ስለዚህ የአድዋዋ እቴጌ የውቤ የወንድም ልጅ ነበሩ። ራስ ኃይለ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1826 ሲሞቱ ውቤ ከግማሽ ወንድማቸው ከመርሶ ጋር በሥልጣን ተፎካክረው ሰሜንን ያዙ። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በጎንደር ቤተ መንግሥት በስም ብቻ ተቀምጠዋል፤ እውነተኛው ኃይል በየጁዎቹ ራሶች እጅ ነው፤ በየአውራጃው ያለው መስፍን ደግሞ የሚያየው የጎረቤቱን መሬት ነው።

ወጣቱ ደጃዝማች ከሁለት ኃይለኞች መካከል ወድቀው ነበር። በምሥራቅ የትግራዩ ደጃዝማች ሰባጋዲስ፣ በደቡብ የየጁው ራስ ማርዬ። ውቤ በመጀመሪያ ከሰባጋዲስ ጋር ተወዳጁ፤ ራስ ማርዬ ሰሜንን ሲያጠቃ ከሰባጋዲስ ያሰቡት እርዳታ ስላልደረሰላቸው ግን ለማርዬ ገቡ። በየካቲት 1823 ዓ.ም. በደብረ ዓባይ ጦርነት ከማርዬ ጎን ተሰለፉ። በዚያ ጦርነት ራስ ማርዬ ሞቱ፤ ሰባጋዲስም ተማርከው ተገደሉ። ሁለቱም ኃይለኞች በአንድ ጊዜ ከመንገድ ተነሡና ለውቤ በር ተከፈተ። በቀጣዮቹ ዓመታት ከሰባጋዲስ ልጆች ጋር እየተዋጉ ትግራይን በእጃቸው አስገቡ።

ትግራይን መያዝ ማለት የምፅዋን መንገድ መያዝ ማለት ነበር። የምፅዋን መንገድ የያዘ ደግሞ ነፍጥ ቀድሞ ያገኛል። የመሀል አገር መሳፍንት ኃይል በአብዛኛው ፈረሰኛ በነበረበት ዘመን ውቤ ብዙ ነፍጠኛ ያለው ሠራዊት ያቆሙት ለዚህ ነው። ወደቡ ራሱ ግን በቱርክ ስም በሚተዳደሩ ሰዎች እጅ ስለነበር ሁልጊዜ ያሳስባቸው ነበር። ለፈረንሳይ ንጉሥ ለሉዊ ፊሊፕና ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ የጻፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ጦራቸውን ወደ ባሕሩ ዳር ያዘመቱበት ምክንያትም ይኸው ነው። ከአውሮፓ የሚመጣ ተጓዥ ሁሉ ወደ ውስጥ ለማለፍ የሳቸውን ፈቃድ ይሻ ነበር፤ እጅ መንሻ ሳይዝም አይቀርብም። እንዲህ እንዲህ እያለ ነፍጡም፣ ብሩም፣ ልዩ ልዩ የፈረንጅ ዕቃውም ተጠራቀመ።

ጠገራ ብሩን እንደ ምሳሌ እንውሰደው። የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ይህ ብር ሁሉ የሚያሳየው ዓመት 1780 ነው። ንግሥቲቱ የሞቱት በዚያ ዓመት ሲሆን ከዚያ ወዲህ ብሩ በተደጋጋሚ ሲመታ ዓመቱ አልተለወጠም። ከአያቱ ሣጥን ብር አውጥቶ ሁለት መቶ አርባ ዓመት የሞላው ነው የሚል ሰው ሊሳሳት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ዕቃ ራሱ ይዋሻል። እውነቱን የሚናገረው ከዕቃው ጋር የመጣው ቃልና ጽሑፍ ነው።

የውቤ ዓይን ግን በነፍጥና በብር ብቻ አልተወሰነም። የሚመኙት ዘውድ ነበር። ዘውድ ለመድፋት ደግሞ ጳጳስ ያስፈልጋል፤ ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ ለዓመታት ያለ ጳጳስ ቆይታ ነበር። ውቤ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ግብጽ መልእክተኞች ላኩ። ከመልእክተኞቹ ጋር የካቶሊኩ ሚሲዮናዊ ጀስቲን ደ ጃኮቢስ አብረው ሄዱ፤ ከፊሎቹም ሮም ድረስ ዘልቀው ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ዘንድ ቀረቡ። ከእስክንድርያ አቡነ ሰላማ ተሾመው መጡ። ውቤ ነፍጥ ካስመጡበት መንገድ ጳጳስም አስመጡ ማለት ነው።

ጳጳሱ ከመጡ በኋላ ውቤ ወደ ደብረ ታቦር ዘመቱ። በ1834 ዓ.ም. ከራስ ዓሊ ጋር በተደረገው ጦርነት የውቤ ነፍጠኞች የየጁን ፈረሰኛ በተኑት፤ ራስ ዓሊም ሸሹ። ድሉ የውቤ ነበር። ነገር ግን ድል አድራጊው በድንኳናቸው ድሉን እያከበሩ ሳለ ከራስ ዓሊ ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ ባልታሰበ ሰዓት ደርሰው ማረኳቸው። በኢትዮጵያ ታሪክ ጦርነት አሸንፎ የተማረከ መሪ ሲጠቀስ ውቤ ቀድመው ይነሣሉ። በጳጳሱ ሽምግልና ተለቀቁና ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ግዛታቸውንም እንደገና ያዙ። የዘውዱ ሕልም ግን ለአሥራ ሦስት ዓመት ያህል ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ።

በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ከውቤ አጠገብ ሌላ ሰብሳቢ ነበር። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ግድም ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፤ የመጡት ዕፅዋት ለመልቀም ነው። ወጪያቸውን ይሸፍን የነበረው በጀርመኗ ኤስሊንገን ከተማ የተቋቋመ የዕፅዋት ተጓዦች ማኅበር ነው። ውቤ ወደዷቸው፤ በእንትጮ በኩል ግዛት ሰጥተው ሾሟቸው። ሺምፐር ከዚያ በኋላ አገራቸው ተመልሰው አልኖሩም፤ እ.ኤ.አ. በ1878 አድዋ ላይ እስኪሞቱ ድረስ አርባ ዓመት ያህል ኢትዮጵያ ውስጥ ቆዩ። በትግራይና በሰሜን ተራሮች እየዞሩ ቅጠልና አበባ ቆርጠው፣ በወረቀት መካከል አድርቀው፣ የለቀሙበትን ቦታና ጊዜ ጽፈው ላኩ። እነዚያ የደረቁ ቅጠሎች ዛሬም በአውሮፓ የዕፅዋት ክምችት ቤቶች ከነጽሑፋቸው ተቀምጠዋል፤ ተመራማሪ አውጥቶ ያነባቸዋል። በየገበያው ለሻይ የምንገዛው ቶስኝ በሳይንስ ስሙ ቲመስ ሺምፐሪ የሚባለው በኚሁ ሰው ስም ነው።

ሁለቱን ሰብሳቢዎች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። አንደኛው ነፍጥ፣ ብርና ጳጳስ የሰበሰቡ ኃያል መስፍን ናቸው። ሁለተኛው ሣር ቅጠል የሚለቅሙ፣ በመስፍኑ ቸርነት የሚኖሩ እንግዳ ናቸው። በጊዜው የነበረ ሰው የማንኛው ስብስብ ይዘልቃል ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አያጠራጥርም ነበር። ነፍጥ ግን የሚያገለግለው በእጁ የያዘውን ነው፤ ባለቤቱ ሲወድቅ ሌላ ባለቤት ያገኛል፤ የቀድሞ ጌታውን ስም አይናገርም። ወረቀት የተለጠፈበት ቅጠል ግን የትም ቢሄድ ማን እንደቆረጠውና የት እንደቆረጠው ይናገራል።

ውቤ ከሰበሰቡት ሁሉ ተለይቶ የሚታየው የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። በሥራው ሺምፐርና ሌላው ጀርመናዊ ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደር ተሳትፈዋል። ውቤ ያሠሩት ሊነግሡበት አስበው ነበር። ጳጳሱ መጥተዋል፤ ነፍጡ ተከማችቷል፤ ቤተ ክርስቲያኑም ቆሟል። የጎደለው ቀኑ ብቻ ነበር።

ቀኑ መጣ፤ ግን ለሌላ ሰው መጣ። የቋራው ካሳ ኃይሉ አንድ በአንድ መሳፍንቱን እያሸነፉ ነበር። በሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል አደረጉ። ጳጳሱ አቡነ ሰላማም ወደ ካሳ ዞሩ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሳ የሰሜንን ብርድና ገደል አቋርጠው ደረስጌ ላይ ውቤን ገጠሙ። ያ ሁሉ ነፍጥ ውቤን አላዳነም፤ ተሸነፉ፤ ተማረኩ። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ፣ በዚያው ወር፣ ውቤ ለራሳቸው ባሠሩት በደረስጌ ማርያም፣ ውቤ ባስመጧቸው ጳጳስ እጅ፣ ካሳ ኃይሉ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። አበው የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። እዚህ የሆነው ተገላቢጦሹ ነው፤ የውቤ ወርቅ ሌላውን አደመቀ።

ዘመነ መሳፍንት ያበቃው በዚያ ቀን ነው ሲባል ስንማር አድገናል። ያበቃበትን ቤት፣ ያበቃበትን ጳጳስና ያበቃበትን ግምጃ ቤት ማን እንዳዘጋጀው ግን የታሪክ መጽሐፎቻችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። ውቤ የተሸናፊነት ዕጣ ደረሳቸው፤ የተሸናፊ ደግሞ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ታሪኩም ይወረሳል።

ውቤ ከዚያ በኋላ እስረኛ ሆኑ። ሰሜን ግን ወዲያው አልበረደም። ከውቤ ወገን የሆኑት አገው ንጉሤ በሰሜንና በትግራይ ተነሥተው በፈረንሳይ እርዳታ ተስፋ እያደረጉ እ.ኤ.አ. እስከ 1861 ድረስ አጼ ቴዎድሮስን ተቋቋሙ። የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን በጎንደር አቅራቢያ በዓማፅያን እጅ ቆስለው በ1852 ዓ.ም. ሞቱ። ብዙም ሳይቆይ የንጉሡ የቅርብ ሰው የነበሩት እንግሊዛዊ ሊቀ መኳስ ጆን ቤል ደባርቅ አካባቢ በተደረገ ውጊያ ተገደሉ። ንጉሡ የወሰዱት በቀል ከባድ ነበር፤ ብዙ ምርኮኞች ተረሸኑ። ደባርቅ ዛሬ ጎብኚ የሚያርፍባት ከተማ ስትሆን በዚያን ጊዜ የደም ምድር ነበረች።

ከዚህ ግጭት ጋር የተያያዘች አንዲት ዕቃ አለች። ንግሥት ቪክቶሪያ ለፕላውደን ለተደረገው ደግነት ምስጋና እንዲሆን ለአጼ ቴዎድሮስ ሽጉጥ ላኩ፤ የተላከበት ምክንያትና ዓመተ ምሕረቱ በላዩ ተቀርጿል። አጼ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ያጠፉት በዚሁ የስጦታ ሽጉጥ ነው። ስለዚያ ሽጉጥ ዛሬ ይህን ያህል መናገር የምንችለው ብረቱ ላይ ስለተጻፈ ነው። ከውቤ ግምጃ ቤት ወጥቶ በሺህ እጅ ያለፈው ያልተጻፈበት ነፍጥ ግን እንደዚህ የሚነገርለት የለም።

የውቤ ልጅ ጥሩወርቅ የአጼ ቴዎድሮስ ሚስት ሆኑ። ልዑል ዓለማየሁ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1861 ከዚህ ጋብቻ ነው። ውቤ መቅደላ ሳይወድቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1867 ዐረፉ። ከሳቸው በኋላ የሆነውን ባያዩት ሳይሻላቸው አይቀርም። የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ መጻሕፍቱ፣ ዘውዱ፣ ጽዋውና ታቦታቱ ተዘረፉ። ከጦሩ ጋር የብሪትሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ነበሩ፤ ዕቃው ወደ ደላንታ ሜዳ ተወስዶ በሐራጅ ሲሸጥ ብዙውን ገዙ። ጥሩወርቅ ጦሩ ሲመለስ በመንገድ ላይ ሞቱ። የሰባት ዓመቱ ዓለማየሁ ከዕቃው ጋር ባሕር ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1879 በአሥራ ስምንት ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞተና በዊንድሰር ቤተ መንግሥት ግቢ ባለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። አያትየው ከአውሮፓ ዕቃ ሲያስመጡ ኖሩ፤ የልጅ ልጃቸው ራሱ ወደ አውሮፓ ተወሰደ።

በቅርብ ዓመታት ከመቅደላ ከተዘረፈው ጥቂት ተመልሷል። የአጼ ቴዎድሮስ ጸጉር እ.ኤ.አ. በ2019 ከለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሙዚየም ተመለሰ። በ2021 ሌሎች ዕቃዎች ተከተሉ፤ በ2023 ደግሞ የልዑል ዓለማየሁ ጸጉር መጣ። የልዑሉን አስከሬን ለመመለስ የቀረበውን ጥያቄ ግን የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በዚያው ዓመት አልተቀበለውም። እነዚህ ሁሉ የመጡት የየት እንደሆኑ፣ ማን እንደወሰዳቸውና መቼ እንደወሰዳቸው የሚያሳይ መዝገብ ስላለ ነው። ይህን ልብ እንበል። የዘረፈን ሰው መዝግቦ ነው የዘረፈን፤ እኛ አሁን መብታችንን የምንጠይቀው በከፊል በሱ መዝገብ ነው። አንድ የሕግ ባለሙያ ለዳኛ የሚያቀርበው ማስረጃ ከባላጋራው ቤት የወጣ ሲሆን ደስታውም እፍረቱም እኩል ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ። በአዲስ አበባ አሮጌ ጎራዴ፣ ጦር፣ ጋሻ፣ ሰንጢና ጠገራ ብር የሚሰበስቡ የተማሩ ሰዎች አሉ፤ መልካም ሥራ ነው። ሻጩ ዕቃው ከማን ቤት እንደወጣ፣ ማን እንደታጠቀው፣ በየትኛው ዘመቻ እንደነበረ ሲያወራ ገዢው የሚከራከረው በዋጋው ላይ ነው። ዕቃው ከሻጩ እጅ ሲወጣ ታሪኩ እዚያው ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያ ጎራዴ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ብረት ነው። በጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ ተሠርተው የይሁዳ አንበሳ የተቀረጸባቸው ብዙ ጎራዴዎች ወደ አገራችን ገብተዋል። የሠሪው ማህተም ጀርመን ይላል፤ የታጠቀው ሰው ግን ኢትዮጵያዊ ነው። ማህተሙ የመጀመሪያውን ግማሽ ይነግረናል፤ ሁለተኛውን ግማሽ ካልጻፍነው ማንም አይነግረንም።

ሕጉም ቢሆን ይህን ይጠይቃል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግለሰብ የቅርስ ባለቤት እንዲሆን ይፈቅዳል፤ ግን ባለቤትነቱን ከግዴታ ጋር ያያይዘዋል። ቅርስ ይመዘገባል፤ ይጠበቃል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ብዙ ሰው አዋጁን የሚያውቀው በአውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ሲፈተሽ ብቻ ነው። የምዝገባው ድንጋጌ ግን የፖሊስ ሥራ አይደለም፤ የትውስታ ሥራ ነው። ያልተመዘገበ ዕቃ ሲሰረቅ ባለቤቱ የኔ ነው ብሎ የሚከራከርበት ነገር ያጥረዋል። በእያንዳንዱ ቤት፣ በእያንዳንዱ ደብር የሚደረግ ክርክር ነው።

ለዚህ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። አንድ ደብተር ይበቃል። ዕቃው ከማን ተገኘ፣ በየትኛው ቀበሌ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ሻጩ ወይም ሰጪው ስለ ዕቃው ምን ተናገረ፣ በላዩ ምን ማህተም ወይም ጽሑፍ አለ፣ ርዝመቱና ክብደቱ ስንት ነው፣ ፎቶው የት ተቀምጧል። ሺምፐር ለአንዲት ቅጠል ያደረጉትን ለአያታችን ሰንጢ ማድረግ ያቅተናል?

ደጃዝማች ውቤ ደካማ ሰው አልነበሩም። ሰሜንንና ትግራይን ለሃያ ዓመት ያህል አስተዳደሩ፤ የውጭውን ዓለም ከብዙ እኩዮቻቸው ቀድመው አዩ፤ ጳጳስ አስመጡ፤ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። የሰበሰቡት ነፍጥ ለአሸናፊው ተረፈ፤ ዘውዱ ለሌላው ሆነ፤ የልጅ ልጃቸው በባዕድ አፈር ተቀበረ። ጸንቶ የቀረላቸው በደረስጌ ያቆሙት ቤት ነው። እሱም የጸናው ማን እንዳሠራው፣ ለምን እንዳሠራው ካህናቱና ሕዝቡ እየተቀባበሉ ስለተናገሩለት ነው። ሰንጢ የሰበሰበም፣ ጎራዴ የሰበሰበም፣ ከዚህ የሚማረው ይህንኑ ነው፤ ዕቃው ያለ ስሙ ከተያዘ የያዥው እንጂ የታሪኩ አይሆንም።